ደምሽ ንጹህ ነው

ልብስ ሰፊዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሆስፒታሉ ደም መቅጃ ክፍል ያስገባት ባሏ ነው። ያስገባት ማለት ክንዷን ጨምድዶ፣ ከኋላ እየገፋ፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ አድርጎ አስቀመጣት ማለት ነው። ሰውየው በያጅ ነው። ትከሻው በሩን ይሞላል፤ የእጁ ጀርባ በብየዳ ፍንጣሪ ተጠባብሷል፤ ዓይኑ ጭስ የገባበት ይመስል ሁልጊዜ ቀልቶ ነው የሚውለው።

«በምርመራ ይለይልን ብዬ ነው ያመጣኋት» አለ። «ስድስት ወር ሙሉ እጄን፣ እጄን ነው። ጠዋት ከአልጋ አልነሳም፣ ድስት አላወርድም፣ ቁልፍ አልቆልፍም። ሥራ ሲመጣ ብቻ የሚነሳ በሽታ ሰምተው ያውቃሉ?»

ደም የምትቀዳው ሴት ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው በዚያች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ ነው። መርፌ የሚፈራ ሰው ሲመጣባት «ጠብታ ናት፣ የኔ እመቤት፣ አንዲት ጠብታ» ስለምትል፣ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ሐኪሙ ድረስ እትዬ ጠብታ እያሉ ነው የሚጠሯት። ሦስት ቱቦ ሙሉ ስትቀዳም «ጠብታ ናት» ነው የምትለው። በዚያ ቀን ግን ቀልዷም አልመጣላት። ባልደረባዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ኮሪደሩ ላይ አርባ ሰው ተኮልኩሏል፤ አንዱ ሕፃን ከጠዋት ጀምሮ እሪ እንዳለ ነው።

የልብስ ሰፊዋን ክንድ በላስቲክ አሰረችና «እስቲ ጨበጥ አድርጊልኝ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ሞከረች። ጣቶቿ ግማሽ መንገድ ሄደው ቆሙ። የጣቶቿ ሥር ያሉት አንጓዎች ተነፋፍተው በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ጠፍቷል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል።

«አልችልም» አለች በቀስታ።

«ጨብጪ ተብለሻል!» አለ በያጁ፤ ወዲያው ጎንበስ ብሎ እጇን በእጁ ውስጥ አስገብቶ በኃይል ጨፈለቀው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ልብስ ሰፊዋ የታች ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው፣ ከንፈሯ ነጣ፣ ከዚያ ደም አቀረረ።

«እንዴ፣ ጋሼ! ቀስ ይበሉ እንጂ!» አለች እትዬ ጠብታ። ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። ደሟን ቀዳች፣ ጥጥ ለጠፈችላትና «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች።

ከቀትር በፊት ውጤቱ መውጣት ነበረበት። የደም ዝቅጠቱን አየች፤ በቀጭኗ መስታወት ውስጥ ቀዩ ደም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሃያ በታች መውረድ ሲገባው ሰማንያ አራት ሚሊ ሜትር ወርዷል። ይህ ሰውነት ውስጥ አንድ እሳት እንዳለ የሚናገር ቁጥር ነው፤ እሳቱ የት እንዳለ ግን አይናገርም። እሱን እንዲናገር የሚጠበቀው የመገጣጠሚያ በሽታን የሚለየው፣ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ ነው። ከደሙ የተለየውን ቢጫ ውሃ አንድ ጠብታ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ አኖረች፤ ወተት የመሰለውን መመርመሪያ ጨመረችበት፤ ሰሌዳውን ሁለት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ አወዛወዘች። ወተቱ ከተቋጠረና እንደተበላሸ ወተት ከተቆራረጠ በሽታው አለ ማለት ነው። አልተቆራረጠም። ለስልሶ ቀረ።

እዚህ ላይ እጇ ቆም አለ። ሙያውን ስትማር አስተማሪዋ ደጋግሞ የነገራት ነገር ነበር። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ይህ ምርመራው የሚፈልገው ነገር ከልክ በላይ ይበዛል፤ ሲበዛ ደግሞ እርስ በርሱ መያያዝ ያቅተውና ወተቱን ሳይቋጥር ይቀራል፤ ምንም የሌለ ይመስላል። የእጁ እብጠትና ዝቅጠቱ ከውጤቱ ጋር ካልተስማሙ ያንን ቢጫ ውሃ አቅጥኖ እንደገና ማየት ግድ ነው። ዐሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እትዬ ጠብታ ሰዓቱን አየች፤ የቱቦዎቹን ሰልፍ አየች፤ ሕፃኑ አሁንም ይጮሃል። «ኔጋቲቭ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

የሐኪሙ ክፍል ከእሷ ክፍል ጋር የሚገናኝ በር አለው፤ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ሐኪሙ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ገረፍ አድርጎ «ደምሽ ንጹህ ነው» ሲል ሰማችው። «ትንሽ ደም ማነስ አለብሽ፣ ዝቅጠቱን የጨመረው እሱ ነው። ክኒን እጽፍልሻለሁ።»

«ንጹህ!» አለ በያጁ። ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው። «ሰማሽ? ንጹህ ነሽ! መንግሥት ያወቀው ጤነኛ!» ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲከት፣ እትዬ ጠብታ የሚቀጥለውን ሰው ክንድ እያሰረች ነበር።

አምስት ሳምንት አለፈ።

ልብስ ሰፊዋ ስትመለስ ብቻዋን ነበረች። ቀኝ እጇን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ግራ ዓይኗ ድፍን ብሏል፤ ከዓይኗ እስከ አገጯ ያለው ቆዳ በአንድ ቦታ ሐምራዊ፣ በአንድ ቦታ አረንጓዴ ሆኗል። ሁለት ጣቷ ተሰብሮ ስለነበር ከማስተካከላቸው በፊት ደሟ እንዲታይ ነው የላኳት። እትዬ ጠብታ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ስታውቃት ክው አለች።

«ምን ነካሽ፣ እህቴ?»

«ወረቀት መታኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። በተሰነጠቀ ከንፈሯ ፈገግ ለማለት ሞክራ ተወችው።

ከዚያ አወራቻት። ባሏ ወረቀቱን ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ በምስማር መታው። አመመኝ ባለች ቁጥር ወደዚያ ይወስዳትና «አንብቢ» ይላታል። ታነባለች። «ምን ይላል?» ኔጋቲቭ ይላል። «ምን ማለት ነው?» የለም ማለት ነው። «እንግዲያ የሌለ ነገር ነው የሚያምሽ» ይልና ይመታታል። መጀመሪያ በጥፊ ነበር። ቀጥሎ በቀበቶ፣ ከዚያም በጫማ ሆነ። ባለፈው ረቡዕ የደንበኛ ኮት ሳይደርስ ቀረ፤ ጠዋት መቀስ ውስጥ ጣቷን ማስገባት አቅቷት ነው። በያጁ እጇን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው፤ አንጓውን በጉልበቱ ተጭኖ ያዘው፤ ካውያውን ከፍ አድርጎ አወረደው። ሁለት ጊዜ።

«ደግነቱ ካውያው አልተሰካም ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቀዝቃዛ ነው። እንኳን ቀዘቀዘ።» ይህን ብላ እንደ መሳቅ አለች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

እትዬ ጠብታ ደሟን ቀዳች። ልብስ ሰፊዋን ወደ ሕክምና ክፍሉ ከሸኘች በኋላ የኮሪደሩን በር ከውስጥ ቆለፈች። ያልቀጠነውን አየች፤ ለስልሶ ቀረ፣ እንደ በፊቱ። በጨው ውሃ በእጥፍ አቀጠነችው፤ ትንሽ ሸካራ ሆነ። እንደገና በእጥፍ፤ ተቋጠረ። ስምንት እጥፍ፣ ዐሥራ ስድስት እጥፍ፣ ሠላሳ ሁለት። ባቀጠነችው ቁጥር ወተቱ ዓይኗ እያየ ይቆራረጣል፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት እጥፍ ቀጥኖ እንኳ ሰሌዳው ላይ የተበጠሰ ክር ይመስላል። ከወንበሩ ላይ ተነስታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የዚያች ሴት ደም በበሽታው ሞልቶ ፈስሶ ነበር። የሞላውን ነው ባዶ ብላ የጻፈችው።

ከዚህኛው የሚበልጥ ምስክር አንቲሲሲፒ ይባላል፤ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን ለመውጋት የሠራውን መሣሪያ ለይቶ ይቆጥራል። እሷ ጋ አይሠራም፤ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ላከችው። በአራተኛው ቀን መለሱላት፤ ማሽኑ መቁጠር ከሚችለው በላይ ነው ይላል።

ሁለቱን ውጤቶች ይዛ ሐኪሙ ጋ ገባችና እውነቱን ነገረችው። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«አዲስ ወረቀት ጻፊ» አለ። «ስለ ድሮው ምንም አትተንፍሺ። በሽታው ሲጀምር አይታይም፣ በኋላ ነው የሚወጣው እንላለን። እሱም እኮ የሚያጋጥም ነገር ነው።»

«እሷ ላይ ግን አላጋጠመም፣ ዶክተር።»

«እትዬ፣ እኔም አንቺም እንጀራችን ነው። ጻፊ።»

ጻፈች። ያው ፊርማ ነው የፈረመችው። ልብስ ሰፊዋን ጠርታ «ሕመምሽ እውነት ነው፣ እህቴ» አለቻት። «የሚጠብቅሽ ደም ተሳስቶ መገጣጠሚያሽን እንደ ጠላት እየወጋው ነው። መድኃኒት አለው። ይሻልሻል።»

«እውነት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እውነት ነው።»

«እውነት ነው?» ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቅ እንባዋ ወረደ። «እኔ ራሴ እኮ መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ምናልባት ሰነፍኩ ይሆን እያልኩ።» ወረቀቱን ባልተሰበረው እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ለወንድም ጋሼ ነው የማሳየው» አለች።

እትዬ ጠብታ ያኔ «የበፊቱ ስህተት የእኔ ነው» ማለት ነበረባት። ቃሉ አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የሆነውን ነገር ለእትዬ ጠብታ የነገራት ዘበኛው ነው፤ ቤቱ ከብየዳው ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉን በዓይኑ አይቷል። ሾፌሩ በጠራራ ፀሐይ መኪናውን መንገዱ መሃል አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወረደ። በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው የጎማ መፍቻውን ይዟል። እሳት ጎርሶ፣ እሳት ለብሶ ነው የገባው።

«አንብብ» አለው።

በያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አየት አደረገና «ገዝታችሁ ነው» አለ።

ሾፌሩ በጎማ መፍቻው ጉልበቱን ብሎ ጣለው። የቀኝ ክንዱን ጎትቶ ብረት የሚቀጠቀጥበት ጉማጅ ላይ አስተኛው፤ ደረቱ ላይ ተቀመጠና መፍቻውን አነሳ። ሲያወርደው «ይሄስ ያማል?» ይላል። ያነሳል። «ይሄስ? ወረቀት አለህ? ወረቀትህን አሳየኛ!» ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አጥንቱ በቆዳው ወጣ። ሦስት ሰው ነው ያላቀቀው። ፖሊስ ሲመጣ ሾፌሩ እጁን ራሱ ዘርግቶ ሰጠ፤ መኪናው አሁንም ሞተሩ እየሠራ ነበር።

እትዬ ጠብታ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ደስታ፣ ሌላ ስም የለውም፤ አንጀቷ ራሰ። ከዚያ ለምሳ ተቀመጠች፤ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ መልሳ ከደነችው። በአንዱ ፊርማዋ የሴትዮዋ ጣት ተሰበረ፤ በሌላው ፊርማዋ የሰውየው ክንድ። እሷ ግን እዚያው ወንበሯ ላይ ናት፣ ማንም ፊቷን አላያትም።

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟ ሚስት ቤት ገባች። መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ጉበቷና ደሟ መታየት ስለነበረበት፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ጠብታ ፊት ተቀመጠች። ክንዷ በላስቲክ ታስሯል። መርፌው ገና አልገባም።

ውጭ አንድ ሰው ጮኸ። ከዚያ ብዙ ሰው። ወንበር ሲገለበጥ፣ የሚሮጥ እግር፣ «ኧረ ያዙት!» የሚል ድምፅ።

በያጁ ነው። ቀኝ ክንዱ እስከ ብብቱ በጄሶ ተጠቅልሏል። በግራ እጁ ክንድ የሚያህል ፌሮ ብረት ይዟል። ዘበኛው ወታደር ቤት የኖረ ሰው ነው፣ አልፈራም፤ «ወንድሜ፣ ብረቱን አስቀምጥና ግባ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። በያጁ ትከሻውና አንገቱ መሃል አሳረፈበት። ዘበኛው በግንባሩ ተደፋ። ኮሪደሩ በአፍታ ባዶ ሆነ።

በሩን በእግሩ በረገደው። ሚስቱን እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። መጀመሪያ ደሙን እያሽከረከረ የሚለየውን ማሽን መታው፤ ክዳኑ ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ። ቀጥሎ የቱቦ መደርደሪያውን ጠረገው። የሠላሳ ሰው ደም ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ ነጩ ጋውን ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የልብስ ሰፊዋ ፊት ላይ። ብርጭቆ ከእግራቸው ሥር ተንኮሻኮሸ።

«ፊርማው የማነው?» አለ። ብረቱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ከደረት ኪሱ ሁለት ወረቀት አወጣ፤ አንደኛው የምስማር ቀዳዳ አለው። እትዬ ጠብታ አፍንጫ ሥር አቀረበላት። «ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው። ይሄም ያንቺ ፊርማ ነው። አንዱ ውሸት ነው። የቱ ነው ውሸቱ?»

መልሱን ታውቀዋለች።

«እኔ አንቺን አምኜ ነው! ሰፈሩ ሁሉ የታመመች ሚስቱን የሚደበድብ አውሬ ነው እያለኝ ነው! የቱ ነው ውሸቱ?»

«ጋሼ…»

በጄሶው አንገቷን አለና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፋት። ጄሶው እንደ ግንድ ይከብዳል። እግሯ ከመሬት ተነሳ። ትንፋሿ ቆመ፤ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ፏፏቴ ጮኸ፤ የሰውየው ቀይ ዓይን ብቻ ቀረ፣ እሱም ጠርዙ መጥቆር ጀመረ። ነገር ዓለሙ ሊጠፋባት ሲል፣ ከጀርባው ልብስ ሰፊዋ ስትነሳ አየች።

ልብስ ሰፊዋ ምንም ነገር መጨበጥ አትችልም። አንድ እጇ በበሽታው፣ አንዱ በበሽታውም በስብራቱም ተይዟል። ጥግ ላይ በነበረው የብረት ዱካ እግሮች መሃል ሁለቱንም ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች፤ ዱካውን እንደ ሕፃን አቅፋ አነሳችውና መላ ሰውነቷን ይዛ ዞረች። የመጀመሪያው ትከሻውን አገኘው። ዞር ብሎ አያት፤ ዓይኑ አላመነም።

«አንቺ?» አለ።

ሁለተኛው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ሲወድቅ ግንባሩ የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ አገኘው፣ ከዚያ ብርጭቆው ላይ ተዘረረ። እሷ ግን አላቆመችም። ዱካውን እንዳቀፈች ራሷን ጭምር እየወረወረች አወረደችበት። ስትወድቅበት ትጮኻለች፣ ስትነሳ ትጮኻለች፤ ጩኸቱ ቃል የለውም። ክርኗ ተልጦ ደሟ ይንጠባጠባል፤ የታሰረው ላስቲክ አሁንም ክንዷ ላይ ነው።

እትዬ ጠብታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አየር ትፈልጋለች። ልታስቆማት ትችል ነበር። ለጥቂት ጊዜ አልፈለገችም፤ ይህንን በኋላ ለማንም አልደበቀችም። ከዚያ በያጁ ጉሮሮው ውስጥ ሲንተከተክ ሰማች። በእንብርክኳ ሄዳ የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ ይዛ ተንጠለጠለችበት። «በቃ» ልትል ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከነዱካው ላይዋ ላይ ወደቀች።

በያጁ ግራ አንጓው በብርጭቆ ተተልትሎ ደሙ እየዘለለ ይወጣል። እትዬ ጠብታ አንድ እፍኝ ጥጥና ፋሻ ይዛ በሁለት እጇ ተጫነችበት።

«ተዪው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ተዪው ይሂድ!»

አልተወችውም። ለምን እንዳልተወችው ዛሬም ብትጠየቅ አታውቀውም። እጇ ከእሷ ሳይመክር ነው የያዘው። ከልብስ ሰፊዋ ክንድ ላይ ላስቲኩን ፈታችና የሰውየውን ክንድ ከክርኑ በላይ ጠፍራ አሰረችበት። ሐኪሙ ከተደበቀበት ወጥቶ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ሦስቱም እንደ ተደራረቡ ቆዩ።

በያጁ ተረፈ። የግራ ጆሮው ግን ደነቆረ።

ችሎቱ ላይ የበያጁ ጠበቃ ብልህ ሰው ነበር። «ደንበኛዬ የሆስፒታሉን ወረቀት ያመነ ሰው ነው» አለ። «ሚስቱ ጤነኛ ነች ያለው ሆስፒታሉ ነው። በኋላ ታማለች ያለውም ሆስፒታሉ ነው።» ከዚያ ወደ ምስክሯ፣ ወደ እትዬ ጠብታ፣ ዞረ። «የመጀመሪያው ምርመራ ሲሠራ በሽታው አልነበረም፣ በኋላ ነው የመጣው፤ አይደለም?»

ሐኪሙ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ አንገቱን በቀስታ ነቀነቀላት፤ አዎ በዪ ማለቱ ነው። እትዬ ጠብታ አንገቷ ከታነቀበት ቀን ወዲህ ድምፅዋ ሻክሮ ቀርቷል፤ ዳኛዋ ጎንበስ ብለው ነው የሚሰሟት።

«ነበረ» አለች። «ሞልቶ ነበር። ያቀጠንኩ እንደሆነ እንደሚታይ አውቅ ነበር። ዐሥር ደቂቃ ሰሰትኩ። ውሸቱ የመጀመሪያው ወረቀት ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ቀስ ብላ ዞራ አየቻት።

«ግን፣ ክብርት ዳኛ» አለች እትዬ ጠብታ፣ «ምታት ብዬ አልጻፍኩም። ኔጋቲቭም ይሁን ፖዘቲቭ፣ ምታት የሚል ወረቀት እኔ ጋ የለም።»

በያጁ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ሾፌሩ አንድ ዓመት። ልብስ ሰፊዋ ሰው ለማዳን ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች።

ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሥር ልብስ ሰፊዋ ጠብቃ አገኘቻት። የወንድሟ ሚስት ክንዷን ይዛታለች። «ወረቀት መታኝ ስልሽ፣» አለች፣ «ያኔ ታውቂ ነበር?»

«ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«ከዚያ ይሻልሻል አልሽኝ። እህቴ ብለሽ ጠራሽኝ።»

«አዎ።»

በጥፊ መታቻት። በዚያ ባበጠ፣ ጣቱ ገና ባልጠገገ እጇ፣ ባላት ኃይል ሁሉ። የእትዬ ጠብታ ጉንጭ ነደደ፤ የጮኸችው ግን ልብስ ሰፊዋ ናት። እጇን ጉያዋ ውስጥ ወሽቃ፣ እጥፍ ብላ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እስኪያያት ድረስ ጮኸች። እትዬ ጠብታ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። «አትንኪኝ!» አለቻት። የወንድሟ ሚስት አቅፋ ወሰደቻት።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጠብታን ከኃላፊነቷ አወረዷት፤ ከሥራዋ ግን አላባረሯትም፣ ሰው አልነበራቸውም። ያረጁትን መዝገቦች ከመጋዘን አስወጥታ ምሳ ሰዓቷን በእነሱ ላይ ማጥፋት ጀመረች። ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ዝቅጠታቸው ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያቸው አብጦ፣ «ኔጋቲቭ» ብላ የፈረመችላቸው ሰዎች ሃያ ሦስት ሆኑ። በየተራ ደወለችላቸው። ሃያዎቹ መጥተው እንደገና ደም ሰጡ። አራቱ ላይ በሽታውን አገኘችው። ለአራቱም አንድ በአንድ ምን እንዳደረገች ነገረቻቸው። አንድ ተሸካሚ ሰደባት፤ አንዲት አስተማሪ አለቀሰች፤ ሌሎቹ ወረቀታቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ከችሎቱ በኋላ በአምስተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች። መድኃኒቱ ይዟታል፤ ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ ባይታጠፉም እብጠቱ ጎድሏል። ሰላምታ አልሰጠችም። ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አሁን የምታከምበት ሆስፒታል ማሽን ተበላሽቷል» አለች። «የወሩ ምርመራ ስለደረሰ ነው።»

«እሺ» አለች እትዬ ጠብታ፤ ክንዷን አስራ መርፌውን አስገባች።

ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን መዝገቦች አየች። «ስንት ነን?» አለች።

እትዬ ጠብታ ሁሉንም ነገረቻት።

«ሦስቱስ? ያልመጡት?»

«አንዱ ሞቷል፣ በሌላ በሽታ። አንዷ አገር ቀይራለች። አንደኛዋ…» እትዬ ጠብታ ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አኖረች። «አንደኛዋ ጋ ስደውል ባሏ ነው የሚያነሳው። አራት ጊዜ ደወልኩ። ሚስቴ ጤነኛ ናት፣ ወረቀት አላት ይለኝና ይዘጋዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ጥጡን ክንዷ ላይ እንደያዘች ከወንበሩ ተነሳች።

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?» አለች።

አድራሻው መዝገቡ ላይ ነበር። በምሳ ሰዓት ዘበኛውን ይዘው ሄዱ፤ ትከሻው አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው፣ ግን ና ሲሉት አላስለመነም። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን አንድ ረጅም ሰው ከፈተ፤ ከኋላው በጠባቡ መተላለፊያ አንዲት ሴት አንጓዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

«ምን ፈለጋችሁ?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ለእሱ አልመለሰችም። በእሱ ትከሻ በኩል አሻግራ አየች። «እህቴ፣» አለች፣ «ደምሽ እንደገና ሊታይ ነው። በፊት የተሰጠሽ ወረቀት ስህተት ሊሆን ይችላል። ጫማሽን አድርጊና ነይ።»

ሰውየው እጁን አነሳ፤ ዘበኛው መሃል ገባ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ለማጥለቅ ታገለች፤ ማሰሪያውን ጣቶቿ እምቢ አሏት። ጫማውን ትታ በባዶ እግሯ ወጣች።